ከጡረታ በኋላ ቀኑን በምን እንሙላው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ጡረታ የወጡ ወይም ሊወጡ የተቃረቡ የመንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኞች፣ እንዲሁም የትዳር ጓደኞቻቸውና ልጆቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ሰነድ አሟልቶ አበል የማስከበሩ ጉዳይ የሚያልቀው በማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ስለሆነ እዚህ የተነካው የዕለት ኑሮን እስከሚመለከት ድረስ ብቻ ነው። የዚህ ገጽ ጉዳይ 60 ዓመት የሞላው፣ ነገር ግን ጉልበቱም አእምሮውም ያልደከመ ሰው ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ ምን ይሥራ የሚለው ነው።

ጡረታን ስናፍቀው ኖሬ፣ አሁን ስወጣ ለምን ከበደኝ?

ሥራ ከደመወዙ ጋር ብዙ ነገር ይሰጥ ነበር፦ ሰዓቱን ጠብቆ የሚመጣ ሰርቪስ፣ የአራት ሰዓት ሻይ፣ ምሳ አብሮ የሚበላ ባልደረባ፣ «ፊርማዎ ቀርቶብኛል» እያለ በር የሚያንኳኳ ባለጉዳይ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደ ዓመት ፈቃድ ያልፋሉ፤ እንቅልፍ ይጠገባል፣ ሲንከባለል የኖረ የቤት ጥገና ይሠራል፣ ለዓመታት ያልተጠየቀ ዘመድ ይጠየቃል። ጭንቀቱ የሚጀምረው ይህ ፈቃድ እንደማያልቅ ልብ ሲረዳው ነው።

በኃላፊነት ቦታ ለነበሩ ሰዎች ደግሞ መኪናውና ሾፌሩ ከመቅረታቸው ይልቅ የስልኩ ዝምታ ይብሳል። በዓል በመጣ ቁጥር ሲጮኽ ያድር የነበረው ስልክ በዓመቱ ከቤተ ዘመድ በቀር የሚደውልበት ያጣል። ይህን እንደ ውለታ ቢስነት ቆጥረው ቂም የሚይዙ ብዙዎች ናቸው፤ ነገሩን ቀዝቀዝ ብሎ ላየው ግን አብዛኛው ሰው ይደውል የነበረው ለወንበሩ ነው፣ ወንበሩ ደግሞ አሁን ሌላ ሰው ተቀምጦበታል።

ስለዚህ ለሚከተሉት ጥያቄዎች ሁሉ የምንይዘው መመዘኛ አንድ ነው፤ አንድ ሥራ ወይም መዝናኛ ጡረተኛን የሚጠቅመው፣ ሲቀር «ዛሬ የት ጠፉ?» የሚለው ሰው ሲኖር ነው። ቴሌቪዥን ቀኑን ከጠዋት እስከ ማታ ይሞላል፤ ቴሌቪዥኑ ፊት ባይቀመጡ ግን የሚጠይቅዎ የለም።

ገቢዬ በምን ያህል ይቀንሳል?

በ2014 ዓ.ም. በወጡት የመንግሥት ሠራተኞች (ቁጥር 1267) እና የግል ድርጅት ሠራተኞች (ቁጥር 1268) የጡረታ ዐዋጆች መሠረት መደበኛው የመውጫ ዕድሜ 60 ሲሆን፣ የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ስሌቱ የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ይዞ ለ10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየጨመረ ሄዶ 70 በመቶ ላይ ይቆማል። 30 ዓመት ያገለገለ ሲቪል ሠራተኛ እንግዲህ የአማካይ ደመወዙን 55 በመቶ ያገኛል ማለት ነው፤ የትራንስፖርት፣ የኃላፊነትና የቤት ክፍያዎች በስሌቱ ውስጥ አይገቡም። ከመውጣትዎ በፊት ባሉት ስድስት ወራት በዚህ ገንዘብ ብቻ ለመኖር ቢሞክሩ፣ የትኛው ወጪ እንደሚቀር ከባለቤትዎ ጋር የምትነጋገሩት ደመወዙ ገና በእጅ እያለ ይሆናል። ከተቋረጠ በኋላ የሚደረግ ተመሳሳይ ንግግር ብዙ ጊዜ ጠብ ይሆናል።

እድር ውስጥ መሥራት ለጡረተኛ ይሆናል?

ይሆናል፤ እንዲያውም ከሁሉ አስቀድመን የምንመክረው እሱን ነው። እድር ቀድሞውንም አባል የሆኑበት፣ ከቤትዎ በእግር የሚደረስ፣ ሥራው የማያልቅና ሰው የሚቸግረው ተቋም ነው። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ንብረት ያዥ ያስፈልገዋል። ሰብሳቢነቱን የሚመኘው ብዙ ሰው ነው፤ እኛ የምናበረታታው ግን ንብረት ያዥነቱን ነው።

ምክንያቱን በቅርብ ያየ ያውቀዋል። ለቅሶ በተነሣ ቁጥር ድንኳኑ ከነብረቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስት፣ ትሪውና ብርጭቆው በቁጥር ወጥቶ በቁጥር መግባት አለበት። ሲመለስ ብርጭቆው አይሞላም፤ አንዱ ድስት ሥሩ ሲታይ የጎረቤት እድር ቀለም የተቀባበት ሆኖ ይገኛል፤ ከድንኳኑ ካስማዎች አንዱ ጠፍቶ በቦታው የባሕር ዛፍ እንጨት ተተክቷል። ሐዘንተኛውን ሳያስቀይም፣ መዝገቡን እያመሳከረ፣ የጎደለውን ከየቤቱ የሚያሰባስብ፣ የሌላውን እድር ድስት ይዞ ሄዶ የራስን የሚያስመልስ ሰው ያስፈልጋል። ግምጃ ቤት ወይም ሒሳብ ክፍል ለሠራ ሰው ይህ የለመደው ሥራ ነው፤ በዚያ ላይ በሳምንት ውስጥ ከሰፈሩ ግማሽ ሰው ጋር ያነጋግረዋል።

መጠንቀቅ የሚያሻው በአንድ ነገር ነው። ከፍተኛ ኃላፊ የነበሩ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ እድሩን እንደ መሥሪያ ቤታቸው ሊመሩት ይፈልጋሉ፤ ቃለ ጉባኤው ይረዝማል፣ ቅጣቱ ይበዛል፣ አባላቱም ከስብሰባ መቅረት ይጀምራሉ። የመጀመሪያውን ዓመት ሰምቶ ማሳለፍ ይበልጣል።

ሽምግልናም የዚሁ ዘመድ ነው። የተጣሉ ባልና ሚስት፣ በአጥር የሚካሰሱ ጎረቤታሞች፣ ውርስ መከፋፈል ያቃታቸው ወንድማማቾች ጊዜ ያለውና ወገን የማይለይ ሰው ይፈልጋሉ። ጡረተኛ ጊዜው አለው፤ ወገን አለመለየቱን ግን ሰፈሩ ራሱ ፈትኖ ነው የሚቀበለው።

ትንሽ ጓሮ አለኝ። አትክልትና ዶሮ ያዋጣኛል?

ለጤናና ለወጥ ያዋጣል፤ ለኪስ ግን ቀስ ብሎ ነው። ለጀማሪ ቆስጣና ጎመን ይሻላሉ፤ ቆስጣ ከሥሩ ቅጠል ቅጠሉ እየተቀነጠሰ ለወራት ስለሚቀጥል የድካሙን ዋጋ ቶሎ ያሳያል። በአዲስ አበባና መሰል ደጋማ ከተሞች የሐምሌና የነሐሴ ዝናብና በረዶ ለጋ ችግኝን ስለሚደበድብ፣ ችግኙ አስቀድሞ እንዲጠና ማድረግ ወይም ክረምቱ ጋብ እስኪል መጠበቅ ነው። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ከላዩ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ በረንዳው ላይ ጤና አዳም፣ በሶብላና ኮሰረት ሊያበቅል ይችላል። ጤና አዳም በረንዳ ላይ ያለው ሰው ቡና በተፈላ ቁጥር ጎረቤት በሩን ያንኳኳል፤ ይህ ከላይ የጠቀስነውን መመዘኛ ያሟላል።

ዶሮ ጠንከር ያለ ኃላፊነት ነው። ጀማሪ አንድ ቀን የሞላው ጫጩት ከማሳደግ ይልቅ ክትባቱን የጨረሰ የ45 ቀን ቄብ ቢገዛ ይሻለዋል፤ ስለ ፈንግል ክትባት ሻጩን በቃል ሳይሆን በወረቀት ይጠይቁት። ቄብ አምስት ወር ገደማ ሲሆናት መጣል ትጀምራለች፤ እስከዚያ መኖ መግዛት እንጂ እንቁላል መሸጥ የለም። ገበያውም ጾምን ይከተላል። በሁዳዴ 55 ቀናት እንቁላል የሚጠይቅ ይጠፋል፣ ለፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈልገዋል። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ የተገዙ ቄቦች ነሐሴ መጀመሪያ ገደማ መጣል ይጀምራሉ፤ የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ከፍልሰታ ጋር ቢገጥሙም ለእንቁጣጣሽ ገበያ ይደርሳሉ። ከሃያ ዶሮ በላይ አንድ ብሎ አለመጀመር ነው፤ ጠረኑ ጎረቤት ያስቀይማል፣ አንድ ቀን ለቅሶ ወይም ሠርግ ወጥተው ቢያድሩ መኖ የሚሰጥ ሰው ማግኘትም ቀላል አይደለም።

ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ንግድ ላይ ላውለው?

በመጀመሪያው ዓመት አይመከርም። የፕሮቪደንት ፈንድ ወይም የስንብት ክፍያ በአንድ ጊዜ የተቀበለ ሰው በዚያ ዓመት ብዙ «ወዳጅ» ያገኛል፤ አንዱ ሚኒባስ አብረን እንግዛ ይላል፣ ሌላው ግሮሰሪ ይከራያል፣ ሦስተኛው በስልክ ተመዝግበው በወር እጥፍ የሚሆንበት «ኢንቨስትመንት» ያሳያል። የመጨረሻውን ያለ ማቅማማት እምቢ ይበሉ፤ ገንዘብ በወር እጥፍ የሚሆንበት ሕጋዊ መንገድ የለም። የቤት ካርታ አስይዞ ለዘመድ ብድር ዋስ መሆንም እንዲሁ ነው፤ ዘመዱ ቢያኮርፍ ይታረቃል፣ ቤቱ በሐራጅ ከተሸጠ ግን በ60 ዓመት ሁለተኛ ቤት አይሠራም።

የሚያውቁትን ሙያ በሰዓት መሸጥ የተሻለ መንገድ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ለትንንሽ ነጋዴዎች መዝገብ ይይዛል፣ መካኒክና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በቴክኒክና ሙያ ተቋም በትርፍ ሰዓት ያስተምራል፣ አስተማሪ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ወይም የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚወስዱ ልጆችን ያስጠናል። በቋሚነት የመቀጠር ዕድል ከመጣ፣ ውል ከመፈረምዎ በፊት ቅጥሩ በጡረታ አበሉ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ከማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤቱ ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙ።

ባለቤቴ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቤቱ ጠበበን። ምን ይሻላል?

ይህን ጥያቄ የሚያቀርቡልን በአብዛኛው ሚስቶች ናቸው፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው ነው። ሠላሳ ዓመት ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባ የነበረ ሰው ድንገት ቀኑን ሙሉ ቤት ሲውል፣ ከዚያ በፊት ያላየውን ሁሉ ያያል፦ ሽሮው ለምን ቀጠነ፣ ሠራተኛዋ ከሱቅ ለምን ዘገየች፣ መብራቱ በቀን ለምን በራ። እሳቸው የሚረዱ እየመሰላቸው ነው፤ ቤቱን ስታስተዳድር ለኖረች ሴት ግን ሳትጠይቅ የተመደበባት ተቆጣጣሪ ናቸው።

ሁለት ነገር ሲሠራ አይተናል። አንደኛው፣ ባልየው ጉዳይ ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም ጠዋት ታጥበው፣ ለብሰው ወጥተው ለምሳ መመለሳቸው ነው። ሁለተኛው፣ ከቤቱ ሥራ አንዱን ከነሙሉ ኃላፊነቱ መረከባቸው ነው፤ ለምሳሌ የውሃና የመብራት ክፍያውን፣ ወይም የቅዳሜውን አስቤዛ። የተረከቡት ሥራ ላይ ሚስት አስተያየት አትስጥ፤ የተወደደ ሽንኩርት ገዝተው ቢመጡም በሳምንቱ ዋጋ መጠየቅ ይለምዳሉ።

የልጅ ልጆቼን ሁሉ እኔ እንድይዝ ተወሰነ። እምቢ ማለት ነውር አይሆንም?

«ተወሰነ» የሚለው ቃል ራሱ ችግሩን ይናገራል። ወንድ ጡረታ ሲወጣ ምን ይሥራ ተብሎ ይታሰብለታል፤ ሴት ጡረታ ስትወጣ ግን ሥራው ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። ሠላሳ አምስት ዓመት በነርስነት የሌሊት ተራ ስትገባ የኖረች እናት በወጣች ማግስት ሁለት ሕፃናት ይመጡላታል፤ ልጆቿ ይህን የሚያደርጉት በክፋት አይደለም፣ ሞግዚት ውድ ስለሆነና ከእናታቸው በላይ የሚያምኑት ስለሌለ ነው።

የልጅ ልጅ ደስታ ነው፤ ከቀን ወደ ቀን ሲታይ ደግሞ ወገብ ነው፣ ጉልበት ነው፣ የተቋረጠ ማኅበርና ያልተሄደበት ሐኪም ቤት ነው። እምቢ ማለት አያስፈልግም፤ ቀንና ሰዓት መወሰን ግን ያስፈልጋል። «ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እስከ አሥር ሰዓት እይዛለሁ፤ ማክሰኞና ሐሙስ የራሴ ናቸው» ብሎ ሁሉም ልጆች ባሉበት አንድ ጊዜ መናገር፣ በየሳምንቱ ከማኩረፍ የተሻለ ነው። ልጆችም ቢሆኑ ይህን ንግግር እናታቸው እስክታነሣው ባይጠብቁ መልካም ነበር።

ልጄን ላርስ ወደ አሜሪካ ልሄድ ነው። ምን ላስብበት?

በጎብኚ ቪዛ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ የቆይታ ጊዜ በመግቢያው ላይ ይሰጠዋል፤ ስድስት ወር ደግሞ ረጅም ነው። ልጅና አማች ወደ ሥራ ሲመለሱ እናት ከሕፃኑ ጋር ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ትውላለች፤ በእግር የሚደረስ ሱቅ ወይም ቤተ ክርስቲያን የሌለበት ሰፈር ከሆነ የሚያወጣት መኪና ያለው ሰው ብቻ ነው፤ ክረምታቸው ላይ ከደረሰች ደግሞ በረዶ አለ። ከመሄድዎ በፊት «እሑድ ማን ይወስደኛል?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ አካባቢ ሐበሻ ብዙ ስለሆነ የሚያደርስ ሰው ከተገኘ ጨዋታ አይጠፋም።

እዚህ የሚቀረውን ደግሞ አስቀድመው ያጠናቅቁ፦ ለሚያምኑት ሰው በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት የተረጋገጠ ውክልና፣ የጡረታ አበሉ በሌሉበት ጊዜ እንዴት እንደሚቀጥል፣ ለቆይታው የሚበቃ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ከነማዘዣው። ቴሌብርንና የቪዲዮ ጥሪን ገና እዚሁ እያሉ ከልጅ ልጅ ይማሩ፤ የሚስጥር ቁጥርዎን ግን «ሽልማት ደርሶዎታል» ብሎ ለሚደውል ለማንም አይስጡ።

ማንበብ እወዳለሁ፤ ብቻዬን ግን ይሰለቸኛል።

ከቤት ወጥተው ያንብቡ። አዲስ አበባ ላይ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ ሰዉ እስከ ዛሬ ወመዘክር የሚለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት አሉ፤ በየክልሉ ከተሞችም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አይጠፋም። በዚያው ሰዓት የሚመጡ ሌሎች አንባቢዎች ከወር በኋላ የሻይ ጓደኞች ይሆናሉ። መነጽርዎ ከአምስት ዓመት በላይ ከሆነው ግን አስቀድመው ይመርመሩ፤ «ማንበብ ሰለቸኝ» የሚል ሰው አንዳንዴ ያለበት የዓይን ሞራ ነው።

መጻፍም አለ። መጽሐፍ ካላሳተምኩ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። የትውልድ ሐረግን እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ በደብተር ማስፈር፣ ማን ከየት መጥቶ የት እንደ ሰፈረ፣ የትኛው መሬት በማን ስም እንደ ነበረ መመዝገብ፣ ነገ ልጆቹ ሲጋቡ የሚፈለግ ሥራ ነው። ቁጥሩን የሚያውቁት አክስትና አጎት ገና በሕይወት ካሉ በዚህ ሳምንት ይሂዱላቸው፤ እጅ ከደከመ በስልክ ድምፅ መቅዳት ይቻላል። የሙያ ትዝታም እንዲሁ ነው፦ የገጠር አስተማሪ፣ የባቡር ሠራተኛ፣ የጤና ረዳት የሠሩበትን ዘመን አሠራር ከእነሱ በቀር የሚያስታውሰው የለም።

በዚህ ዕድሜ ስንት ሰዓት መንቀሳቀስ ይበቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ደግሞ ሚዛን መጠበቅን የሚያለማምድ ልምምድ ይመክራል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ በቀን ግማሽ ሰዓት ለአምስት ቀን ቢደረግ ዝቅተኛውን ይሞላል። ጃን ሜዳና መስቀል አደባባይ ማለዳ ላይ ሰው አያጡም። እንጦጦ ደስ ይላል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው ግን ልብ ወይም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ዳገቱን አይጀምር።

ቀኔን ሁሉ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ባሳልፍ ምን ችግር አለው?

ምንም። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ስለ ጾሙ ሐኪምዎንም የንስሐ አባትዎን ወይም ኢማሙንም ያማክሩ።

ምንም ነገር አያስደስተኝም። ይህም የጡረታ ነው?

ላይሆን ይችላል። እንቅልፍ ማጣት ወይም መብዛት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ሰው መሸሽ፣ «ከእንግዲህ ለምን እኖራለሁ» ማለት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ የሚታከም ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ቤት መሄድ ነው። በመጠጥና በጫት ቀን መግፋት ነገሩን ያብሰዋል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «እርጅና ነው» ብሎ አይለፈው፤ 60 ዓመት ለዚህ ዓይነቱ ንግግር ገና ነው።

የቀድሞ መሥሪያ ቤቴን አልፎ አልፎ ልጎብኝ?

አንድ ሁለት ጊዜ፣ ለሻይ ሰዓት፣ አስቀድመው ደውለው ቢሆን ደስ ይላል። የእርስዎን ወንበር የተረከበው ሰው ምክር ከጠየቀ ይስጡት፤ ካልጠየቀ ፋይሉ የት እንደ ተቀመጠ ብቻ ነግረውት ይውጡ። ወዳጅነታችሁ ከሥራው ያለፈ ሁለት ሦስት ባልደረቦች ካሉ ግን ከቢሮ ውጭ፣ ለምሳሌ በወር አንድ ቅዳሜ አንድ ካፌ ብትገናኙ ይሻላል፤ እዚያ የሚመጣ ሰው ፈልጎ ነው የሚመጣው፣ የቀረውም «የት ጠፋህ?» ተብሎ ይደወልለታል።